ዋጋ ያልወጣለት ሥራ

ሰኔ 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ወደ አሰብ እንድዛወር ታዝዣለሁ።

ውድ ወንድሜ ጠይብ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የጎን ውጋትህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ብርድ ሲነካህ ይነሣል? ሥራህስ እንዴት ይዞሃል? ከታችኛው ፎቅ ሆና «ወለሉን ረግጠህ አትሂድ» እያለች የምትቆጣህ ባልቴትስ ደህና ናት? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬ ከወደቀች ወዲህ ግራ ጎኗ አልተመለሰላትም። ምላሷ ግን ተመልሷል፤ ከነጋ ጀምሮ አስያን ስታዝዛት ትውላለች፣ አስያም መልስ አታጣላትም። ልጃችን ሱሀይር የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠብቃለች። ዝናቡ ገብቷል፤ የኩሽናው ጣሪያ እንደ አምናው ያፈሳል።

ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ፖስታው በደንብ ታሽጎ ነበር። ሁለተኛ ያሸገው ሰው ካንተ የተሻለ ማሸግ ያውቃል።

ፕሮፌሰርህ ግንቡ ከፈረሰ ወዲህ ኮሌጁን ትተው ወደ ምዕራብ እንደ ሄዱና አድራሻቸውን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ጽፈህልኛል። ክፍላችሁም ፈርሶ ከሌላ ክፍል ጋር ተቀላቅሏል። አዲሱ ኃላፊ «ይህ ነገር አሁን የእኛ አይደለም፤ ልንፈቅድም ልንከለክልም አንችልም» ብሎ መለሰልህ። አንተም በመጨረሻ «ወንድም ጋሼ፣ አሁንማ ማን ይጠይቅሃል፣ ፕሮግራምህን ዝም ብለህ ሽጠው» ብለህ መከርከኝ። ምክርህ ለዚያ አገር ይሆን ይሆናል። እኔ እስከ ዛሬ ነገሩን በቁርጥራጭ ስለጻፍኩልህ ችግሬ የገባህ አይመስለኝም። አሁን ከሥሩ ልንገርህ።

ዲስኬቱን የላክህልኝ ከአንድ ወረቀት ጋር ነበር። ዲስኬቱ ላይ ያለው አንተና ፕሮፌሰርህ ለተማሪዎች የሠራችሁት የኮምፒውተር ፕሮግራም ማዘጋጃ ነው። ወረቀቱ ደግሞ የመጠቀሚያ ፈቃዱ ነው። ማዘጋጃውን ማንም በነፃ ይጠቀምበት ይላል። በእሱ የሚሠራውንም ፕሮግራም ለሌላው በነፃ ይስጥ ይላል። ፕሮግራሙን የሚገለብጥ ሰው የዲስኬቱንና የድካሙን ዋጋ መቀበል ይችላል፤ የሠራው ሰው ግን ለሥራው ዋጋ መጠየቅ አይችልም። ከሥር እኔ ፈርሜያለሁ፣ አንተ ዋስ ሆነህ ፈርመሃል፣ ኮሌጁ ክብ ማኅተም አድርጎበታል። ያን ጊዜ አልከበደኝም። መሥሪያ ቤቴ ደመወዝ ይከፍለኛል፤ ይህ ከሥራ በኋላ የምነካካው ነገር ነበር።

ሐጂ ኑሪን በስም ታውቃቸዋለህ። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚያከፋፍሉት ሰው ናቸው። ጅዳ ያለው ልጃቸው ኮምፒውተር ልኮላቸው መደብሩ ፎቅ ላይ እንደ ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ለመሥሪያ ቤቴ ዕቃ ፍለጋ ሄጄ አየሁት። መጋዘናቸውንም አየሁት። ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ሲታመሙ መደብሩ አብሮ ይታመማል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ገዢው የሚጠራው በጣሊያን ቋንቋ ነው። አንዱ ካምቢዮ ይላል፣ ሌላው ማርሽ ይላል፣ ዕቃው ያው አንድ ነው። የዚያን ዓመት ክረምት ሙሉ ከሥራ በኋላና እሑድ እሑድ እየሄድኩ፣ ሰው በየትኛውም ስም ቢጠራው ዕቃው የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለና ስንት እንደ ቀረ የሚናገር ፕሮግራም ሠራሁላቸው። የመጋዘኑ ሽማግሌ ሊፈትኑት አንድ ቀን ቆመው እየጠየቁ ዋሉ። ማታ ሲወጡ «አንድ ሁለት ስም ይቀረዋል፣ ግን ሰው ነው» አሉኝ።

ሐጂ ኑሪ «ስንት ነው?» አሉኝ። በነፃ ነው አልኳቸው። «ኢንጂነር፣ እኔ ነፃ ዕቃ መደብሬ አስገብቼ አላውቅም። ከሌባ የተገዛ እንኳ ዋጋ አለው» አሉ። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ሰውየው ሱቅ ኖሯቸው አያውቅም» አሉ፤ ፕሮፌሰርህን ማለታቸው ነው። ከዚያ በራሳቸው መንገድ ከፈሉ። ለዒድ ከሸማ ተራ ጥሩ ጋቢ አስገዝተው ለእማዬ ላኩ። ለጾም ፍቺ የመጣ ስጦታ መመለስ ነውር ነውና ተቀበልን። እማዬ አሁን ይህን ስጽፍልህ ለብሳው ትሆናለች። ጋቢ ዋጋ ነው አይደለም የሚለውን ወረቀቱ አይናገርም።

በነፃ መስጠት መጨረሻ እንደሌለው የገባኝ በኋላ ነው። የሸጠ ሰው «ዕቃው ከበሬ ከወጣ የራስህ ነው» ይላል። በነፃ የሰጠ ሰው የሚዘጋው በር የለውም። ማሽኑ ሲቆም ይጠሩኛል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይጠሩኛል። አልመጣም ብል «ምን አደረግነው፣ ተቀየመን እንዴ?» ይባላል። ይሉኝታ ይዞኝ እሄዳለሁ።

ከዚያ ሰላሁዲን መጣ። የሐጂ ኑሪ ሚስት ወንድም ነው፤ ሦስት ልጆች ያሉት፣ ከማንም ጋር ሲስቅ የሚውል፣ ሰሞኑን ደግሞ ካሜሩን በዓለም ዋንጫ ያደረገችውን ብቻ የሚያወራ ሰው ነው። አንድ ቀን በዚያው ረድፍ ያለ ነጋዴ መንገድ ላይ አስቁሞ «የገዛሁት ፕሮግራም ተበላሽቷል፣ ሠሪው አንተ ነህ አሉ፣ ና አስተካክል» አለኝ። ከማን ገዛኸው ብዬ ብጠይቀው «ከሰላሁዲን» አለ። ሰላሁዲን እየገለበጠ ኮምፒውተር ላለው መደብር ሁሉ ሸጦታል። ማሽኑ የሌለውንም እያስገዛ ሸጦለታል።

ወደ ሐጂ ኑሪ ሄድኩ። ሰላሁዲንን አስጠርተው እንደ ሽማግሌ በመካከላችን ተቀመጡ። ሰላሁዲን አልካደም። «ጋሼ ዘይኑ፣ እኔ ያንተን ሥራ አልሸጥኩም። ዲስኬቱን ሸጥኩ፤ ታክሲዬን አስከፈልኩ፤ ቆሜ ያሳየሁበትን አስከፈልኩ» አለ። የሥራውስ ዋጋ አልኩት። «እሱማ ነፃ ነው። አንተው ነህ ያልከው» አለኝ። ሐጂ ኑሪ ሳቁ። ቀጥለው ኮስተር ብለው ፈረዱ። «ኢንጂነር፣ ዋጋ ያልወጣለት ዕቃ ባለቤት የለውም። አንተ ዋጋ ቆርጠህለት ቢሆን ይህን ሰው ዛሬ አንገቱን ይዤ አስከፍለው ነበር። ያልቆረጥከውን ከየት አምጥቼ ላስከፍለው?»

ተናድጄ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ሰላሁዲን በመርካቶ ሕግ ብቻ ሳይሆን በእናንተም ሕግ ልክ ነው። የሚገለብጥ ሰው የድካሙን ይቀበል ይላላ። የገለበጠ ሰው ይደክማል፤ የሠራ ሰው አይደክምም ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታ ብቻ ነበር። ችግር የሆነው ሚያዝያ ላይ የዝውውሩ ወሬ ሲመጣ ነው። አሁን የመሥሪያ ቤታችን የጭነት መኪና ሁሉ የሚጫነው ከአሰብ ወደብ ስለሆነ የእኛ ክፍል ወደዚያ ይሂድ ተባለ። እማዬን ከአልጋ የማነሣት እኔ ነኝ። ጠዋት አነሣታለሁ፣ ማታ እመልሳታለሁ፤ አስያ ብቻዋን አትችላትም። ይዣት እንዳልሄድ ሐኪሙ «ያን ሙቀት አትችለውም» ብሏል። ሐጂ ኑሪ ነገሩን ሲሰሙ «መሥሪያ ቤቱን ልቀቅ። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል እሰጥሃለሁ። ዘንድሮ የንግድ ፈቃድ ማውጣት ላልቷል፣ አውጣ። ረድፉ ሁሉ ከአንተ ይገዛል» አሉኝ። አለቃዬም ደህና ሰው ነው፤ የንግድ ፈቃድ ካሳየኸኝ መልቀቂያ እጽፍልሃለሁ አለኝ። ያለ ፈቃድ መልቀቂያ የለም። ያለ መልቀቂያ የቀረ ሰው ደግሞ በዚህ የጦርነት ጊዜ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።

ፈቃድ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ትሑት ሴት ናት። የሚሸጠው ዕቃ ምንድን ነው አለችኝ። ፕሮግራም አልኩ። «የሬዲዮ?» አለች። የኮምፒውተር ነው ብዬ ዲስኬቱን አሳየኋት። አገላብጣ አይታ «ይኼ ባዶው ነው ወይስ ዕቃው ያለበት?» አለች። ዕቃው ያለበት ነው አልኳት። የሥራ ዓይነቶቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ፈለገችልኝ። ከጽሕፈት መኪና ጥገና ቀጥሎ የሻንጣ ሥራ ነው፤ በመካከላቸው እኔን የሚመስል ነገር የለም። «የጽሕፈት አገልግሎት ብዬ ላስገባዎት፤ ማንም አይጣላዎትም» አለችኝ። ፋይሌን ተቀበለች። ያን ቀን ነገሬ አልቆ ነበር።

ፋይሉ ውስጥ ግን የእናንተን ወረቀት አያይዤዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ያያያዝኩት ክብ ማኅተም ስላለው ነው። በዚህ አገር ማኅተም ያለበት ወረቀት ከሌለበት ይሻላል ብዬ፣ ቤት ያገኘሁትን ማኅተም ያለበትን ሁሉ አስገባሁ። በሳምንቱ ስመለስ መዝጋቢዋ ወረቀቱን አስተርጉማ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አትሽጥ ይላል። ባያያይዙት እኔም አላየውም ነበር» አለች። አውጪው አልኳት። «ተመዝግቦ ገጽ ተሰጥቶታል፤ አንድ ገጽ ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለች። እውነቷን ነው። የማዘጋጃው ባለቤት መሸጥን የፈቀደበት ደብዳቤ በዚያው ማኅተም ይምጣ አለችኝ። በግንቦት ያን ሁሉ የለመንኩህ ለዚህ ነበር።

አስያ ይህን ስትሰማ «አንተ ማኅተም ስታይ ዓይንህ ይበራል። የኒካሕ ወረቀታችንንም አያይዘህላቸዋል አይደል?» አለችኝ። አያይዤው ነበር። እማዬ ደግሞ ከአልጋዋ ሆና «ለመሆኑ ይሄ ዲስኬት የምትሉት ነገር ይበላል?» ብላ ጠየቀች። አስያ «ቢበላማ እስካሁን ሰላሁዲን በጨረሰው» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ትናንት የአንተን ደብዳቤ ይዤ ወደዚያች ሴት ተመለስኩ። ጎረቤት ያለ አስተርጓሚ የኃላፊውን መልስ አነበበላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችው። «እንግዲህ የከለከለው ማኅተም አለው፤ የፈቀደው የለም» አለች። ከልካዩ እኮ ጠፍቷል፣ ቢሮውም ፈርሷል አልኳት። «ክልከላው ግን አልጠፋም፤ ይኸው እጄ ላይ ነው» አለች። ክፉ አይደለችም። እስከ በሩ ሸኝታኛለች።

በሌላ ማዘጋጃ እንደገና ሥራው ትለኝ ይሆናል። ሌላው የሚሸጠው በዶላር ነው። መሥሪያ ቤቴ ያለውን ልጠቀም ብል ሌብነት ነው፤ ጊዜውም የለም፤ ከአረፋ በኋላ ተነሡ ተብለናል። ወረቀቱን ዋሽቶ መካድም አይሆንልኝም፤ ዋሱ አንተ ነህ።

አሁን ስለ እናንተው የመጠቀሚያ ፈቃድ የማስበውን ልጻፍልህ። በፊት «ማዘጋጃው የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ዕውቀት የወል ነው፤ አንዱ ዋጋ ከጠየቀ ነገ ሌላው ይቆልፈዋል» ብለኸኝ ነበር። አልተሳሳትክም። ጨው ደብቆ ወራት የጠበቀ ሰው እኔም እዚሁ መርካቶ አውቃለሁ። ግን መጥረቢያ ያዋሰ ሰው ጎረቤቱን «የፈለጥከውን እንጨት አትሽጥ» አይለውም። ቢበዛ «መጥረቢያዬን አትሽጥብኝ» ይላል። ማዘጋጃው የእናንተ ነው፤ ማንም እንዳይሸጠው ብትከለክሉ ትክክል ነው። እሑዶቹ ግን የእኔ ነበሩ። እናንተ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰራችኋቸው። የጻፋችሁት በደመወዝ የምትኖሩ ሰዎች ናችሁ፤ ያነበብኩትም ደመወዝ ሳለኝ ነበር። ለዚህ ነው ለሁላችንም ቀና የመሰለን። ሌላ ነገር ሠርተህ ለሰው የምትሰጥ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ለያቸው። ለእኔ አይደርስልኝም፤ የሚለውጠው ሰው የለም።

እማዬን እንዴት እንደሚያነሷት ትናንት አስያና ሱሀይር ሞከሩ። አስያ ትከሻዋን ያዘች፣ ሱሀይር እግሯን። እኔ እንዳልነካ ተባልኩና በሩ ጋ ቆምኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ደርሰው ቀሩ፤ ወደዚህም ወደዚያም አልሆነም። እማዬ «ተዉኝ እዚሁ ልዋል» አለች። እኔው አነሣኋት። ጎረቤታችን እቴቴ ጠዋት ጠዋት ብቅ እላለሁ ብላለች። ደግ ናት፤ ግን እሷም ወገቧን የታመመች ናት። ከዚህ ሌላ ያዘጋጀሁት ነገር የለም። የምታውቀው መላ ካለ ጻፍ። ገንዘብ አትላክ፤ ገንዘብ አያነሣትም።

ይህን የምጽፍልህ ከሐጂ ኑሪ መደብር ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። እሳቸው ለአረፋ ወደ አገራቸው ሊወጡ ተነሥተዋል። ከመሄዴ በፊት የፕሮግራሙን ውስጥ ለሰላሁዲን እንዳሳየው ለመኑኝ። «አንተ አሰብ ሆነህ ማሽኑ ቢቆም ሰዎቹ ምን ይሁኑ?» አሉ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ እያሳየሁት ነው። ቶሎ የሚገባው ሰው ነው። ግማሽ ደርሰናል።

እማዬ «ጠይብዬ፣ ሹራብህን አታውልቅ፣ በጋ ነው ብለው አያታልሉህ፣ ሶላትህን እንዳትተው፣ ያቺን ባልቴት አታስቆጣት፣ እሷም የሰው እናት ናት» በለው ብላለች። አስያ እጅግ ናፍቃሃለች፤ ባለፈው የላክኸውን ፎቶግራፍ መስተዋቱ ላይ ሰክታዋለች፤ ከስተሃል ትላለች። ሱሀይር ሰላም ብላሃለች፤ ብታልፍ የእጅ ሰዓት እንደምትልክላት ቃል ገብተሃል መሰለኝ፣ እሷ አልረሳችም። እቴቴ ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። ሐጂ ኑሪም ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል፤ «ፕሮፌሰሩ ከተገኙ እኔ ዘንድ አንድ ሳምንት ይሥሩ» በለው ብለዋል። የአሰቡን አድራሻ ገና አልሰጡንም። እስከዚያ በቤቱ አድራሻ ጻፍ።

ደብዳቤውን ላጥፍ ስል ሰላሁዲን ከማሽኑ ዞር ብሎ ጠራኝ። «ጋሼ ዘይኑ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ሰዎቹ ሲጠሩኝ፣ ለአንድ ጊዜ ስንት ልበላቸው? ሥራውን የምታውቀው አንተ ነህ፣ አንተ ቁረጥልኝ» አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም። ደብዳቤዬን ልጨርስና አልኩት። እሺ ብሎ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ እየጠበቀኝ ነው። የቀረውን ግማሽ አላሳየሁትም። ፖስታው እጄ ላይ ነው፤ ሳልነግረው በኋለኛው ደረጃ እወርዳለሁ።

ወንድምህ ዘይኑዲን
ሶማሌ ተራ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ